ጭስ ጭስ የሚሉ ልጆች

«ተናገር! ማነህ? ማን ላከህ?»

መምሬ ወልደተንሣኤ መስቀላቸውን የሔራን ግንባር ላይ ተጭነው በሌላው እጃቸው አንድ ጣሳ ጠበል አናቷ ላይ ገለበጡባት። የኅዳር ውርጭ ሣሩን ጨው የተነሰነሰበት አስመስሎታል። ልጅቷ በስስ ነጠላ ተጠቅልላ ጥርሷ ይንገጫገጫል። አያቷ አልታየች ከኋላ ሆና ሁለት ትከሻዋን ጨምድዳ ይዛታለች።

«አይዘኑላት መምሬ፣ ይድገሙ! የሚጮኸው እሱ ነው እንጂ እሷ አይደለችም!»

«ተናገር እንጂ! በማን በኩል ገባህ?»

ሔራን አፏን ስትከፍት ሳል ቀደማት። ሳሉ ሲለቃት ጠበልተኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያያት ድረስ ጮኸች።

«እትዬ ሠናይት ናት! እትዬ ሠናይት ናት ያደረገችኝ!»

ተራ የሚጠብቁት ሴቶች አማተቡ።

«ሠናይት፣ ባለትምህርት ቤቷ?» አለች አንዷ።

«ድሮስ ያ ሁሉ ሀብት ከየት መጣ?» አለች ሌላዋ፣ ነጠላዋን እየተከናነበች።

እውነቱን ለመናገር አልታየችም ለጊዜው አምና ነበር። ልጅቷ እሳት መሸሽ ከጀመረች ሰንብታለች። ደብረ ብርሃን ላይ፣ ያውም በኅዳር፣ ኩበቱ ተያይዞ ሰው ሁሉ ወደ ምድጃው ሲጠጋ እሷ ወጥታ ደጃፉ ላይ ትኮራመታለች። ዩኒፎርሟን ውጭ ሽቦ ላይ ሰቅላ ታሳድርና ጠዋት እንደ ሳንቃ የደረቀውን ትለብሳለች። ጸጉሬን በቀዝቃዛ ውሃ ካልታጠብኩ ትላለች። የጎረቤቱ ፍርድ አንድ ነበር፤ እሳት የሚፈራ ከሰይጣን ሌላ ማን አለ? አልታየችም ክርክር አላስፈለጋትም፤ ልጅቷን እየጎተተች በየማለዳው ወደ ጠበል።

«ምን አደረገችሽ ልጄ?» አሉ መምሬ፤ ድምፃቸው ወርዷል።

«ጭስ ጭስ ትያለሽ አለችኝ።» ሔራን ትነፋረቃለች። «እናንተ ስትገቡ ክፍሉ ኩበት ኩበት ይላል አለችን። እኔን፣ ገነትን፣ መልካሙን ከኋላ አስቀመጡን። መስታወቱ የወለቀ መስኮት ሥር ነው፤ ሽታው በዚያ ይውጣ ብለው። ጠዋት ዘበኛው ቤት ገብተን የራሳችንን ዩኒፎርም አውልቀን ትምህርት ቤቱ የገዛውን እንለብሳለን፤ ስንወጣ እንመልሳለን። ጭሱ ከለቀቀኝ ወደ ፊት ይመልሱኛል ብዬ እኮ ነው እሳት የማልሞቀው!»

መምሬ ጣሳውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጡት።

«ይቺ ልጅ ምንም የለባትም» አሉ።

«እንግዲያስ ያለበት ሰው ታውቋል» አለች አልታየች። ጋቢዋን ከላይዋ ገፍፋ ልጅቷን ጠቀለለቻትና አዘለቻት። ልጅ የሚያዝል ዕድሜ አልነበረም የያዘችው። ንዴት ግን ለሽማግሌም ጉልበት ይሰጣል። ሴቶቹ «በርቺ እናቴ፣ አይዞሽ» ሲሏት፣ «አይዞሽ የሚያስፈልጋት ሌላ ናት» ብላ ቁልቁለቱን ተያያዘችው።

ቤት ስትደርስ ልጇ ንጋቷ ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ገብታ፣ ዓይኗ እንደቀላ፣ ለማኅበሩ ሽሮ ታንተከትካለች። አልታየች ሔራንን ከእሳቱ አጠገብ፣ በግድ፣ አስቀመጠቻት። ልጅቷ ጭሱን እያየች ወደ ኋላዋ ስታፈገፍግ ክንዷን ይዛ መለሰቻት።

«ሙቂ! ከዛሬ ወዲያ እሳት ስትሸሺ ባይሽ ውርድ ከራሴ!» ከዚያ ወደ ንጋቷ ዞረች። «ልጅሽን ምን እንዳደረጓት ታውቂያለሽ?»

ንጋቷ ማማሰያውን አላቆመችም።

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ጠርተው ነግረውኛል። ወላጆች አቤት አሉ አሉኝ። ልጆቻችን ሽታ ይዘው ይመጣሉ፣ እኛ የምንከፍለው ለዚህ አይደለም ብለው።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እሺ አልኩ።»

«እሺ!» አልታየች እጇን አጨበጨበች። «ልጄን ዘበኛ ቤት አራቁታችሁ አልብሷት፣ እሺ! ብርድ መስኮት ሥር አስቀምጧት፣ እሺ! እኔ ደግሞ የእናቷን እሺ ሳላውቅ ጋኔን ላስወጣ በውርጭ ስደፍቃት ልክረም!»

«እና ምን ልበል እማዬ?» ማማሰያው ቆመ። «ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ልመልሳት? አምስት ሆነው አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ መምህሩ ስሟን ሳያውቀው ዓመቱ እንዲያልቅ? ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ስሟን እንኳ መጻፍ ትደናበር አልነበር? ዛሬ እንግሊዝኛ ታነባለች። ከኋላም ብትቀመጥ ከፊት የሚባለውን ትሰማለች።»

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ግን በበረዶ ላይ ተቀምጦ የሚማር እንደሌለ ለማወቅ ፊደል አይጠይቅም። ስሚያት፣ ሳሏን!»

ሔራን ሳለች። ንጋቷ ፊቷን አዞረች።

«እማዬ፣ በማርያም ይዤሻለሁ። ዛሬ ሠናይት ትመጣለች። ጽዋውንም ከእጅሽ የምትረከበው እሷ ናት። ይቺን የትምህርት ቤት ቦታ የሰጠችን እሷ ናት፤ በአንድ ቃል ትወስድብናለች። ለዛሬ ብቻ ምላስሽን ያዥልኝ።»

«ምላሴን ይዤ በምን ልናገር?» አለች አልታየች፤ ገንቦውን ለማጠብም ወጣች።

ዕለቱ ኅዳር ጽዮን ነው፤ ቅዳሜ ላይ ውሏል። የማርያም ማኅበር ደግሞ ተራው የአልታየች። ማኅበርተኛው በየወሩ በሃያ አንድ ባንዱ ቤት ይሰበሰባል። መምሬ ይባርካሉ፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ በመጨረሻ ሁሉም ከአንዱ ጽዋ አንድ አንድ ጉንጭ ይጎነጫል፤ ከዚያ ደጋሹ ጽዋውን ለሚቀጥለው ባለተራ በእልልታ ያስረክባል። ሹፌሩም፣ ነጋዴውም፣ ኩበት ሻጯም ከአንዱ ጽዋ። ቂም ያለበት ሰው ብቻ አይጠጣም፤ የተቀየመውንም ሰው ጽዋ አያስጨብጥም።

ሠናይት ይህን ማኅበር የወረሰችው ከእናቷ ከወለተ ጊዮርጊስ ነው። ወለተ ጊዮርጊስና አልታየች በአንድ ሜዳ እበት ለቅመው፣ በአንድ ግድግዳ ሥር ጠፍጥፈው፣ ኩበቱን በአንድ ገበያ ሸጠው ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ወለተ ጊዮርጊስ ስትሞት «ማኅበሬን እንዳትተዪብኝ» ብላ ልጇን አስምላታለች። ሠናይትም መሐላዋን አላፈረሰችም፤ ትምህርት ቤት ከከፈተች፣ የግቢዋን በር ከሩቅ በሚታይ ቢጫ ካስቀባች፣ ልጆቹ በሚኒባስ እየተለቀሙ መምጣት ከጀመሩም በኋላ ከማኅበር ቀርታ አታውቅም። አምና በዚሁ ማኅበር ላይ ተነሥታ «የተቸገሩ ልጆችን በነጻ አስተምራለሁ፤ የእትዬ አልታየችን የልጅ ልጅ አስቀድሜ» ስትል ሴቶቹ አገሩን በእልልታ አናግተውታል። አልታየች ግንባሯን ስማ መርቃታለች። ያን ምርቃት ዛሬ ገንቦ እያጠበች ስታስበው ከአፏ መልሳ ልትወስደው ቃጣት።

ከቀትር በኋላ ማኅበርተኛው ገባ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢው ጋሽ ዋሴ፣ የድሮ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። የመጀመሪያውን ጠላ ጨልጦ አፉን ጠረገ።

«እትዬ አልታየች፣ ይሄ ጠላ የጣርማ በርን አቀበት ያለ ነዳጅ ያስወጣል።»

«አንተ ሹፌርም ሳለህ የምትነዳው በሱው ነበር» አለችው። ቤቱ ሳቀ።

ሠናይት ዘግይታ መጣች። መኪናዋ በመንደሩ መተላለፊያ ስለማይገባ ጫማዋ ጭቃ እንዳይነካው በጣቷ ጫፍ እየረገጠች፣ የለስላሳ ሳጥን አሸክማ። መምሬን ተሳለመች፣ ሽማግሎቹን ጉልበት ሳመች፣ ከበሩ አጠገብ አየር ካለበት ተቀመጠች። አልታየች ይህን አየች። ምድጃው ጋ ሄዳ፣ ከክምሩ ርጥቡን መርጣ፣ አንድ ሁለት ኩበት ጨመረች። ጭሱ ቤቱን ሞላው። ሠናይት የነጠላዋን ጥለት አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

«እትዬ አልታየች፣ ጭሱ ትንሽ አልበዛም?»

«የእናትሽ ሽቶ ነው፣ አትፍሪው።»

ሳቅ ተሰማ፤ ሠናይትም አብራ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት። ንጋቷ ግን ወጥ ስታወጣ ሽሮው እንጀራው ጫፍ ላይ ፈሰሰባት። በእናቷ በኩል ስታልፍ «አደራሽን» አለቻት በሹክሹክታ። ሔራን ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ነበረች። ሠናይት ገብታ እስክትወጣ አልወጣም ብላለች።

ተበላ፤ ስልጆውም ምስሩም ተመሰገነ። መምሬ ተነሥተው ጸሎት አደረሱ፤ ጽዋው በቀይ ጨርቁ እንደተሸፈነ መሃል ቀረበ። ጋሽ ዋሴ እንደ ደንቡ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ ማኅበርተኞች፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው። የተቀያየመ ካለ ይናገርና እንታረቅ። ከሌለ ጽዋችንን እንቅመስ።»

ይህ በየወሩ የሚባል ነው። በየወሩም ሰው ሁሉ «የለም፣ የለም» ይላል። ዛሬም ተባለ። መምሬ ጨርቁን ሊገልጡ እጃቸውን ሲዘረጉ አልታየች ቀድማ ጽዋውን አነሣችው።

«አለ» አለች።



«ማን ከማን?» አለ ጋሽ ዋሴ።

«እኔ ከሠናይት።»

«ከኔ?» ሠናይት ነጠላዋን ከአፍንጫዋ አወረደች። «እኔ እርስዎን ምን አድርጌ?»

«ከመቼ ወዲህ ነው እርስዎ የሆንኩት? እትብትሽን የቆረጥኩልሽን ሴትዮ፣ አንቺ በይኝና ተናገሪ። የልጅ ልጄን ኩበት ኩበት ትያለሽ ብለሽ ዘበኛ ቤት ልብሷን ታስወልቂያታለሽ። የተሰበረ መስኮት ሥር ወሽቀሽ ሳል አስይዘሻታል። ሽታው እንዲለቃት ብላ እሳት መሞቅ ብትተው፣ እኔ ደንቆሮዋ ሰይጣን ያዛት ብዬ ጠበል ሳመላልሳት ከረምኩ። መምሬ ምስክሬ ናቸው፤ ዛሬ ጠዋት ‹ማን ላከህ› ሲሉ የወጣው ያንቺ ስም ነው!»

ሰው ሁሉ ወደ መምሬ ዞረ። መምሬ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ልጅቷ ተናግራለች» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

 ሠናይት ስትመልስ ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ይህም አልታየችን የባሰ አናደዳት።

«እትዬ አልታየች፣ ትምህርት ቤቱ የሚኖረው በከፋዮቹ ነው። እነሱ መጥተው ወይ ሽታውን አጥፊ ወይ ልጆቻችንን እናወጣለን አሉኝ። እነሱ ሲወጡ በሩ ይዘጋል። በሩ ሲዘጋ በነጻ የሚማሩት የት ሊሄዱ ነው? ላባርራቸው እችል ነበር። አላባረርኩም። ልብስ ገዝቼ አለበስኳቸው፤ ለብቻ አስቀመጥኳቸው።»

«ከነፋስ ጋር አስቀመጥሻቸው በይ።»

«እኔም እኮ አልፌበታለሁ!» አለች ሠናይት፤ አሁን ድምፅዋ ከፍ አለ። «በልጅነቴ ትምህርት ቤት ስገባ ጭስ ጭስ እል ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ ያወቅሁት አፍንጫቸውን ይዘው ሲስቁብኝ ነው። እስክጨርስ ድረስ ስቀውብኛል። እነዚህ ልጆች እንዳይሳቅባቸው ብዬ ነው።»

«ታዲያ ከፊት ያስቀመጥሽው የሚስቁትን ነው።»

አንዷ ማኅበርተኛ፣ ልጇ በሠናይት ግቢ በጽዳት የተቀጠረች፣ ከዳር ሆና «ኧረ እትዬ አልታየች፣ በነጻ እያስተማረችልሽ! የበሉበትን ወጭት ሰባሪ አትሁኚ» አለች።

«ያንቺ ልጅ ወጭቱን ታጥባለች እንጂ አልበላችበትም፤ ዝም በይ።»

«ኧረ የምላሷ!» አለች ያቺው ሴት፣ ጠላዋን አንሥታ ፊቷን ሸፈነች።

ጋሽ ዋሴ እጁን አነሣ። «ተዉ እንጂ፣ ኅዳር ጽዮን ነው ዛሬ! ሠናይት፣ አንቺም የወለተ ጊዮርጊስ ልጅ ነሽ። ይሄ ነገር እንዴት ይብረድ? የሚስማማ ነገር ተናገሪ።»

ሠናይት ነጠላዋን አስተካከለች። አሰበች። ከዚያ ብድግ ብላ በመምሬ ፊት ቆመች።

«በጽዋው ፊት ነው የምናገረው። ከሰኞ ጀምሮ ሔራን ከፊት ትቀመጣለች። ዘበኛ ቤትም አትገባም፣ ልብስም አትቀይርም። ማንም ወላጅ ቢናገር መልሱን እኔ እሰጣለሁ። ስምንተኛ ክፍል እስክትጨርስም ቦታዋ የሷ ነው።»

«እሰይ!» አለ ጋሽ ዋሴ። ሴቶቹ እልልታውን ለቀቁት። ንጋቷ ወጭቱን ጥላ መጥታ ተንበረከከች፤ መሬቱን ሳመች፤ የሠናይትን ጉልበት ልትስም ስትል ሠናይት አነሣቻት። ንጋቷ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች፤ እንቅልፍ ያጣችበት ሁሉ ባንድ ጊዜ የወጣ ይመስል ነበር። መጋረጃው ገለጥ ብሎ የሔራን ፊት ታየ።

አልታየች ጽዋውን እንደያዘች ነው። ዘርግታ «እንቺ» ማለት ብቻ ነበር የቀራት። ልቧም ወደዚያው ሄዶ ነበር፤ ሰው ናትና። ልጅቷን ከፊት ተቀምጣ፣ እንደነዚያ በሚኒባስ እንደሚመጡት፣ ጸጉሯ ተሠርቶ አየቻት። አጠገቧ ያሉት አፍንጫቸውን ሲይዙ አየች። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ሔራንም አብራ ዞራ፣ ወደ ኋላ ወደ መስኮቱ እያየች፣ አፍንጫዋን ስትይዝ አየቻት። አዎ፣ ትይዛለች። ልጅ ናት። ከፊት የተቀመጠ ሁሉ የሚያደርገውን ታደርጋለች።

«ገነትስ?» አለች።

«የቷ ገነት?» አለች ሠናይት።

«ከመጠለያው የምትመጣዋ። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡት ሰዎች ልጅ። የኔ ልጅ ስትሄድ እዚያ መስኮት ሥር የምትቀረዋ። መልካሙስ?»

እልልታው እየሳሳ ሄዶ ቆመ።

«እትዬ አልታየች፣» አለች ሠናይት፣ ትዕግሥቷ እያለቀ፣ «ሁሉንም ወደ ፊት ካመጣሁማ እዚያው ተመለስኩ ማለት ነው። አንዷን ወላጆቹ ይታገሱኛል። ይሄንንም ያደረግሁት ስለ ማኅበሩ፣ ስለ እናቴ ብዬ ነው። እነዚያን ከኔ ጋር ምን ያገናኛቸዋል? ማኅበርተኛ የላቸው።»

«ስለዚህ ቦታው በጽዋ የሚገዛ ነዋ።»

«እማዬ!» ጮኸች ንጋቷ። «እማዬ፣ ተቀበዪ! ልጄን ሰጠችኝ እኮ፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

አልታየች ልጇን አየቻት። ለአፍታ ዓይኖቿ ረጠቡ፤ ግን እንባ ሲመጣ የሚናደድ ሰው አለ፤ እሷ እንደዚያ ናት።

«ለሔራን ብቻ ከሆነ አልፈልግም። ጭሱ የሁላቸው ነው፤ ወይ ሁሉም ከነጭሳቸው ወደ ፊት ይመጣሉ፣ ወይ ቂሜ አልበረደም።»

«እትዬ፣ ጽዋ መያዣ አይደረግም» አሉ መምሬ። «የእመቤታችን ነው።»

«የሷ መሆኑን አውቃለሁ መምሬ። ልጇን በብርድ፣ በከብቶች መሃል የወለደች እሷ አይደለችም? እሷም ያን ጊዜ እበት እበት ሳትል አትቀርም። ለምን ትቀየመኛለች?»

መምሬ አንገታቸውን ደፉ። ይስቁ ይቆጡ አልታወቀም።

ጋሽ ዋሴ ሞከረ። «እንግዲያውስ ሠናይትን እንዝለልና ለሚቀጥለው ባለተራ...»

«ተራ አይፈርስም። የወለተ ጊዮርጊስ ተራ ነው፤ ለሌላ ሰው አልሰጥባትም።» አልታየች ጽዋውን ይዛ ወደ መደቡ ራስጌ ሄደች፣ ሥዕሉ ካለበት ሥር አስቀመጠችው፣ ቀዩን ጨርቅ አለበሰችው። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረች። «የታኅሣሡም ማኅበር እዚሁ ነው። እኔው እደግሳለሁ። የጥርም እዚሁ ይሆናል፣ ካስፈለገ። ሠናይት ልጆቹን ሁሉ ወደ ፊት ያመጣች ቀን መጥታ ትውሰድ፤ በእልልታ እሸኛታለሁ፣ ጉልበቷንም እስማለሁ። እስከዚያ ማርያም እኔ ጋ ታድራለች።»

ሠናይት ፊቷ ቀልቶ ነበር። ጫማዋን ለማድረግ ጎንበስ አለች።

«እትዬ አልታየች፣ እኔ ያልኩት ከዚህ ቤት ስወጣ ይቀራል።»

«ከዚህ ቤት ስትወጪ ነጠላሽን አሽትቺው። ጭስ ጭስ ይላል። እስቲ ቤትሽ ስትገቢ ማን ያስወልቅሽ እንደሆን አያለሁ።»

ሠናይት ወጣች። ማኅበርተኛውም ጽዋ ሳይቀምስ፣ አንዱ እያጉረመረመ፣ አንዱ አልታየችን በጎን እያየ፣ ተበተነ። ያቺ የጽዳት ሠራተኛዋ እናት «ማኅበር አፍራሽ!» ብላ ወጣች፤ ግን ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ተመልሳ ገብታ፣ ምንም ሳትናገር የአልታየችን ትከሻ ስማ ሄደች። መምሬ መጨረሻ ላይ ወጡ። መስቀላቸውን ለአልታየች ሲያሳልሙ «እኔም ነገ ቅዳሴ ሲያልቅ ሠናይትን አነጋግራታለሁ» አሉ። ብዙም ተስፋ ያለው አነጋገር አልነበረም።

ቤቱ ውስጥ ንጋቷ ብቻዋን ቆማ ቀረች።

«ደስ አለሽ?» አለች። «አሸነፍሽ? ልጄን ከፊት አስቀምጣታለሁ ብላ ቃል ሰጥታ ነበር፤ በጽዋ ፊት! አንቺ ግን የሌላ ሰው ልጆች ይዘሽ መጣሽ። ሰኞ የት ልውሰዳት? ንገሪኝ፣ የት?»

«እዚያው።»

«አታስገባትም!»

«እኔ ነኝ ይዣት የምሄደው። የገነትንም አያት፣ የመልካሙንም እናት አብሬ እጠራለሁ። ዘበኛ ቤት አንገባም፤ በትልቁ በር ነው የምንገባ። ካባረሩን በመንገደኛው ፊት ያባርሩን፤ ለምን እንዳባረሩን በአፋቸው ይናገሩት።»

«እሷ ታፍራለች ብለሽ ነው? ገንዘብ ያለው አያፍርም እኮ!»

«እንግዲያስ እኛም ማፈሩን እንተወው። ሔራን ናት ስታፍር የከረመችው፤ ይበቃታል።»

ንጋቷ ድካም ጣላት፤ መደቡ ላይ ተቀመጠችና ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። አልታየች እንደ እናት አጠገቧ ልትቀመጥ አሰበች። ግን የምትናገረው ለስላሳ ነገር በጭራሽ አልመጣላትም፤ ኖሮባትም አያውቅ። ውጭ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ንፋሱ ከአንኮበር በኩል እየተነሣ የቤቱን ቆርቆሮ ማንኳኳት ጀምሯል።

ጓዳ ገብታ የገብሱን ጆንያ አፍ ፈታችው። ትልቁን ገበቴ አምጥታ ገብሱን ለብቅል ትዘረግፍ ጀመር፤ ለታኅሣሡ ጠላ ጊዜ ይፈልጋል።

ንጋቷ ከመደቡ ቀና አለች።

«እማዬ፣ እሱ እኮ የክረምቱ ቀለባችን ነው።»

«አውቃለሁ» አለች አልታየች፣ ውሃውንም ጨመረችበት።